ሴፍ ለብዙ ደንበኞች፦ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ፑል ያዋጣል ወይ?

ድሬዳዋ ውስጥ ለክሊኒክ፣ ለአስመጪ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆቴል የሰርቨር ቦታ የሚያከራይ ሰው ሴፍን (የብዙ ሰርቨሮችን ዲስክ አንድ ላይ የሚያስረውን የማከማቻ ሶፍትዌር) ሲተክል መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ይታወቃል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ፑል (በሴፍ ውስጥ የራሱ ደንብ ያለውን የማከማቻ ክፍል) ልክፈትለት፣ ዳታው ከጎረቤቱ አይቀላቀል፣ ሒሳቡም ለብቻው ይታይ ይላል። ሐሳቡ ንጹሕ ነው። ለአሥር ደንበኛ ያለ ችግር ይሠራል፣ ሠላሳ ሲደርስ ይጨናነቃል፣ መቶ ሳይሞላ ደግሞ አዲስ ፑል አልከፍትም ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው፦ ሶፍትዌሩ ጥሩ ነው፣ አምስትና ከዚያ በላይ ሰርቨር ላለው ያለ ማመንታት የሚመከር ነው። ፑል ግን ደንበኛን ከደንበኛ ለመለየት የተሠራ ዕቃ አይደለም።

ሴፍን ሴጅ ዋይል በሳንታ ክሩዝ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ሥራው ጀመረው። ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈቃድ ክፍያ የለውም። ብዙ ሰርቨሮች ላይ ያሉ ዲስኮችን አንድ ላይ አስሮ ለቨርቹዋል ማሽን ዲስክ (አርቢዲ)፣ ለፋይል ማጋሪያ (ሴፍኤፍኤስ) እና ለኤስስሪ ዓይነት (ዳታ በድር አድራሻ የሚቀመጥበት) ማከማቻ ያቀርባል። እዚህ የሚባለው ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ኖቲለስ ወዲህ ያሉትን ቨርዥኖች የሚመለከት ነው። የአርቢዲ ኔምስፔስ (በፑል ውስጥ የሚከለል ቦታ)፣ የፒጂን (የፑል ክፍልፋይን) ቁጥር መልሶ መቀነስ እና ኦቶስኬለር (የፒጂን ቁጥር በራሱ የሚያስተካክለው) የመጡት በእሱ ነውና፣ ከዚያ በፊት በነበረው ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ምክር ዛሬ ያሳስታል።

ፑል ምን እንደሆነ ቀፊራ ገበያን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ቀፊራ ላይ ለእያንዳንዷ ነጋዴ አዳራሽ አይሠራላትም፤ መደብ ይሰጣታል። ቅመሙ በአንድ ወገን፣ አትክልቱ በሌላ ወገን የሚሆነው በዕቃው ጠባይ እንጂ በነጋዴዋ ስም አይደለም። ፑልም እንደዚያ ነው። የትኛው ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ስንት ቅጂ ይኑረው፣ ይጨመቅ ወይስ አይጨመቅ የሚሉት የሚወሰኑት በፑል ደረጃ ነው። ለደንበኛው የሚሰጠው መደብ ደግሞ ኔምስፔስ ይባላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ፑል በውስጡ ፕሌስመንት ግሩፕ በሚባሉ ክፍልፋዮች ይከፈላል፣ ባለሙያው በአጭሩ ፒጂ ይለዋል። ዳታ ወደ ዲስክ የሚሄደው በፒጂ ታቅፎ ነው። እያንዳንዱን ዲስክ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ኦኤስዲው፣ የያዛቸውን ፒጂዎች ሁሉ ይከታተላል፤ ለእያንዳንዱም ሜሞሪና ፕሮሰሰር ይከፍላል። ስለዚህ ሴፍ በአንድ ኦኤስዲ ላይ 100 ያህል ፒጂ እንዲያርፍ ያልማል፣ ከ250 የሚያሳልፍ ፑል ሲጠየቅ ደግሞ አልፈጥርም ይላል።

ከዚራ አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰርቨር ተተክሎ በእያንዳንዱ ስድስት የ8 ቴራባይት ዲስክ አለ እንበል። 30 ኦኤስዲ ማለት ነው። አዲስ ፑል ሲከፈት ያለ ትእዛዝ የሚሰጠው 32 ፒጂ ነው፤ በሦስት ቅጂ ሲባዛ 96 ይሆናል፣ ለ30 ዲስክ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3.2 ይደርሰዋል። በዚህ አካሄድ የ100ው ዒላማ በ31 ፑል ይሞላል። የ250ው ጣሪያ በ78 ፑል ይዘጋል፣ 79ኛው ደንበኛ ፑል አያገኝም። በፕሮክስሞክስ (የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ) ገጽ በኩል የሚከፍት ሰው ደግሞ የተሞላለትን 128 ሳያየው ካለፈ፣ እያንዳንዱ ፑል በዲስክ 12.8 ይወስዳል፤ በተከታታይ ሲከፍት 20ኛው ላይ ይቆምበታል። ኦቶስኬለሩ ካልጠፋ ቀስ በቀስ ወደ 32 ያወርደዋል፣ በዚያ መሐል ግን ደንበኛው ሲጠብቅ ነው።

«ታዲያ ፒጂውን ለምን አናሳንሰውም?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። እንሞክረው፦ 120 ደንበኛ፣ ለእያንዳንዱ 8 ፒጂ። 120 ሲባዛ በ24፣ 2880 ነው፤ ለ30 ሲካፈል 96። ቁጥሩ ያምራል። ችግሩ ውስጡ ሲገባ ነው። 8 ፒጂ በሦስት ቅጂ ቢበዛ 24 ዲስክ ብቻ ይነካል፣ ንባብና ጽሑፍን (የዳታ ማንበብንና መጻፍን ሥራ) ፊት ለፊት የሚቀበሉት ደግሞ ቢበዛ 8ቱ ናቸው። የተቀሩት ዲስኮች ሥራ ፈትተው ሳለ የደንበኛው ዳታቤዝ ስምንቱ ላይ ይሰለፋል። ይህ ደንበኛ አድጎ 4 ቴራባይት ቢያከማች እያንዳንዱ ፒጂ 500 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ዲስክ ሞልቶ ሌላው ባዶ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ቋጥኝ በጆንያ አይደለደልምና፣ ሚዛን አስጠባቂው የሚያዘዋውረው ትንሽ ነገር ያጣል። በዚያ ላይ ዝቅተኛው ልክ 8 መሆኑ በፑሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ኦቶስኬለሩ ወደ 32 ሊመልሰውና ወደ ተነሱበት ሊወስድ ይችላል።

በድሬዳዋ ይህ ቁጥር ከወረቀት በላይ የሚሰማው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሰርቨሮቹ ሲነሱ እያንዳንዱ ፒጂ ቅጂዎቹ ካሉባቸው ዲስኮች ጋር «ማን የመጨረሻውን ጽሑፍ ይዟል?» ብሎ ይነጋገራል፤ ሁሉም ፒጂ በአንድ ጊዜ። ለአንድ ኦኤስዲ የተመደበው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ዒላማ እንጂ አጥር አይደለም፣ በዚህ ሰዓት ያልፈዋል። ስድስት ኦኤስዲ በ32 ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ የጫነ ሰው ከ200 በላይ ፒጂ በዲስክ ይዞ መብራት ሲመለስ፣ ኦኤስዲዎቹ ሜሞሪ አጥተው ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ። ለስድስት ዲስክ 64 ጊጋባይት ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም፤ ያውም ቨርቹዋል ማሽኖቹ በሌላ ሰርቨር ላይ ካሉ ነው።

መብራትን ካነሳን ሁለት ነገር አብሮ ይታይ። አንድ ሰርቨር ከጠፋ 10 ደቂቃ ሲሞላ ሴፍ «ይህ አይመለስም» ብሎ ዳታውን ሌሎቹ ላይ እንደገና መገንባት ይጀምራል። ግማሽ የሞላ ሰርቨር ላይ 24 ቴራባይት አለ። ብሬከር ወርዶ በ15 ደቂቃ ለሚመለስ ነገር ይህን ሁሉ ማንቀሳቀስ ዲስኩንም ደንበኛውንም መቅጣት ነው፣ ጊዜውን ወደ 30 ወይም 60 ደቂቃ ማራዘም ይሻላል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ይዞ ሲቆይ ኤሲው ግን አብሮ ይጠፋል። በግንቦት ቀትር የተዘጋ ክፍል ውስጥ የዲስኮቹ ሙቀት በደቂቃዎች ይወጣል፤ አብዛኞቹ ዲስኮች የተሠሩት እስከ 60 ዲግሪ ነው፣ ረጅም ዕድሜ የፈለገ ግን ከ45 ባያሳልፍ ይመረጣል። ጄኔሬተሩ ኤሲውንም የማያነሳ ከሆነ፣ ዩፒኤሱ የሚያገለግለው በሥርዓት ለማጥፋት ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽኖቹ፣ ቀጥሎ ኦኤስዲ እንዳይወጣ የሚከለክለው ምልክት ይበራል፣ ከዚያ ሰርቨሮቹ ይጠፋሉ። ሲነሱ ሞኒተር (የሰርቨሮቹን ስብስብ ሁኔታ የሚከታተለው የሴፍ ፕሮግራም) ያለባቸው ይቀድማሉ። ሰዓታቸው ከ0.05 ሴኮንድ በላይ ከተለያየ ሞኒተሮቹ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉና የማዘርቦርድ ባትሪ የሞተበትን ሰርቨር አስቀድሞ መቀየር፣ የራስን የሰዓት ሰርቨርም ማቆም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቦታ። ፑል ለደንበኛ የከፈተ ሰው ቦታ የከፋፈለ ይመስለዋል። አልከፋፈለም። የፑሎቹን ዝርዝር የሚያሳየውን ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ቀሪ ቦታ በሚለው ዓምድ ሥር አንድ ዓይነት ዲስክና የቅጂ ብዛት የሚጋሩት ፑሎች ሁሉ፣ ሠላሳም ቢሆኑ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ይታያሉ። ያ ቁጥር የሁሉም የጋራ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለ አንድ የውሃ ታንከር ሠላሳ ቧንቧ ቢወጣለት ውሃው ሠላሳ እጥፍ አይሆንም። ቁጥሩ የሚሰላውም ይበልጥ በሞላው ዲስክ ልክ ነው፣ ስለዚህ አንድ ዲስክ ከሌሎቹ ቀድሞ ከሞላ ሁሉም ደንበኛ ቦታ ያነሰው ይመስላል።

ለደንበኛ ቃል የሚገባው ስንት ነው? 30 ዲስክ በ8 ቴራባይት፣ 240 ነው። በሦስት ቅጂ 80። ግን ከአምስቱ አንዱ ሰርቨር ሲሞት ዳታው በአራቱ ላይ ተመልሶ መገንባት አለበት፦ 192 ለሦስት፣ 64። ሴፍ ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ያስጠነቅቃል፣ 90 ላይ መልሶ ግንባታ ያቆማል፣ አንድ ኦኤስዲ 95 ከደረሰ ደግሞ የክላስተሩ (የሰርቨሮቹ ስብስብ) ጽሑፍ በሙሉ ይቆማል። 64 በ0.85 ሲባዛ 54.4 ቴራባይት። ሴፍ ራሱ በ1024 ስለሚቆጥር ስክሪኑ ላይ 49.5 ያህል ሆኖ ይነበባል። ለ120 ደንበኛ 500 ጊጋባይት የሸጠ ሰው 60 ቴራባይት ሸጧል፤ ሁሉም እስካልሞላው ድረስ ይሄዳል፣ ግን ይህን እያወቀ ይሽጥ።

ቅጂ ለመቆጠብ ኢሬዠር ኮዲንግ (ዳታን ቆራርጦ ከማረሚያ ቁራጮች ጋር ማስቀመጥ) የሚያስብ ይኖራል። 4+2 (አራት የዳታ፣ ሁለት የማረሚያ ቁራጭ) የሚበላውን ቦታ ከሦስት እጥፍ ወደ አንድ ተኩል ያወርዳል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ ሰርቨር ላይ እንዲያርፍ ግን ስድስት ሰርቨር ይፈልጋል። በአምስት ሰርቨር ላይ «በዲስክ ደረጃ ይለያዩ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ አንድ ሰርቨር ሲጠፋ ከሁለት ቁራጭ በላይ አብሮት ሊጠፋ ስለሚችል ዳታው ከእጅ ይወጣል። አይደረግ።

ለፑል የሚቆሙ ሰዎች ዋናው ምክንያታቸው ኮታ ነው፣ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ኮታ የሚጣለው በፑል ላይ ነው፤ ለኔምስፔስ ኮታ የለም። ይህ የሴፍ እውነተኛ ጉድለት ነው። ሆኖም የፑል ኮታ ሲሞላ የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ደንበኛው «ቦታ ሞልቷል» የሚል ጨዋ መልእክት አይደርሰውም። የፑሉ ጽሑፍ ይያዛል፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ዲስኩ መልስ ስላልሰጠው ፈዝዞ ይቀራል። የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ታካሚ እየጠበቀ ስክሪኑ አይንቀሳቀስም፤ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳትም አይፈታውም፣ ኮታው እስኪጨመር ወይም ቦታ እስኪለቀቅ ድረስ። ስናፕሾትም (የዲስኩ የአንድ ቅጽበት ምስል) ኮታ ውስጥ ይቆጠራል። ማሽኑ ውስጥ ፋይል ቢሰረዝ ደግሞ ቦታው ወደ ሴፍ የሚመለሰው በዲስኩ ላይ ዲስካርድ (ባዶ ቦታ የመመለስ ፈቃድ) ከበራና ማሽኑ ውስጥ ፍስትሪም (ባዶውን ቦታ የሚያሳውቀው ትእዛዝ) ከሠራ ብቻ ነው፤ በሳምንት አንዴ ቢታዘዝ በቂ ነው። ኮታ የሚቆጠረው ከቅጂ በፊት ያለው የደንበኛው ዳታ ነው፣ 1 ቴራባይት ኮታ ዲስክ ላይ 3 ቴራባይት ይበላል።

በኔምስፔስ አሠራር ይህ የሚተካው በቀላል ዘዴ ነው። የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ የሚፈጥረው አከራዩ ነው እንጂ ደንበኛው አይደለም። 500 ጊጋባይት ለገዛ ሰው የዲስኮቹ ድምር 500 እንዳያልፍ ተደርጎ ይፈጠርለታል። ዲስኩ ሲሞላ ሞላ የሚለው የራሱ የማሽኑ ፋይል ሲስተም ነው፤ ደንበኛው ምክንያቱን ያነበዋል፣ ማሽኑም አይደርቅም። የስናፕሾቱን ቁጥር መወሰን የአከራዩ ፋንታ ነው።

አንድ የተሳሳተ እምነት ሳይነሳ አይታለፍ፦ ፑል ፍጥነትን አይለይም። ሁለት ፑል በአንድ ዲስክ ላይ ካሉ፣ የአንዱ ደንበኛ የሌሊት ባክአፕ የሌላውን ሆቴል ሲስተም ያጉላላል። ይህን የሚገታው በእያንዳንዱ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ላይ የሚጣል የኦፕሬሽን ገደብ ነው፣ በሴፍ በኩል ወይም በቨርቹዋል ማሽኑ ቅንብር። በሴፍ በኩል የሚጣለው በከርነል (በሊኑክስ እምብርት) በኩል በተያያዘ ዲስክ ላይ እንደማይሠራ ይታወቅ። ፍጥነት የፈለገ ሰው ኤስኤስዲ ሲገዛም ይጠንቀቅ። ታይዋን ገበያ የሚሸጠው የላፕቶፕ ኤስኤስዲ ለላፕቶፕ ጥሩ ነው፤ ሴፍ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ በእርግጥ ማረፉን እየጠበቀ ስለሚሠራ፣ መብራት ሲሄድ ያልተጻፈውን የሚያድን ካፓሲተር የሌለው ኤስኤስዲ እዚህ ሥራ ላይ ይንቀራፈፋል። የሰርቨር ተብሎ የተሠራው ይገዛ። ኔትወርኩም ከ10 ጊጋቢት በታች ከሆነ መልሶ ግንባታው በጣም ይረዝማል።

እንግዲህ ለዚህ ለምሳሌው ክላስተር የሚስማማው አቀማመጥ ይህ ነው። ለቨርቹዋል ማሽን አንድ ዋና ፑል፤ ሌላ ፑል ከሌለ 30 ሲባዛ በ100፣ ለሦስት፣ 1000 ይሆናል፣ የቅርቡ የሁለት እጥፍ ቁጥር 1024 ነው። ኤስኤስዲ ከተጨመረ ሌላ ፑል በዲስክ ዓይነት ደንብ ይከፈትለታል፣ ሒሳቡም ለብቻው ይሰላል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት ነገር አለች፦ ሴፍ ለራሱ የሚከፍታት ትንሿ ፑል የዲስክ ዓይነት በማይለየው ደንብ ላይ ትቀራለች። በዚህ የተነሳ ኦቶስኬለሩ ሁለቱ ደንቦች ይደራረባሉ ብሎ ሥራውን ይተዋል፤ የኦቶስኬለሩን ሠንጠረዥ ሲጠይቁት ባዶ ይመልሳል። ፑሏን ወደ ኤችዲዲው (ወደ ተራው ሃርድ ዲስክ) ደንብ ማዛወር ብቻ ይፈታዋል። ለዚህ ያህል ነገር በዋናው የጤና ማሳያ ላይ በጉልህ አለመነገሩ ሶፍትዌሩን ያስወቅሰዋል።

አዲስ ደንበኛ ሲመጣ በዋናው ፑል ውስጥ ኔምስፔስ ይፈጠርለታል፣ ቀጥሎ ቁልፍ ይወጣለታል። ቁልፉ ላይ የፑሉም የኔምስፔሱም ስም መጻፍ አለበት። ኔምስፔሱ ከተረሳ ቁልፉ ሳይነግር የሁሉንም ደንበኛ ዲስክ ይከፍታል፤ ሁሉም ነገር ስለሚሠራ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ በተሰጠው ቁልፍ የጎረቤቱን ኔምስፔስ ለመዘርዘር ሞክሮ «ፈቃድ የለም» የሚለውን መልስ ማየት የርክክቡ አካል ይሁን። ፕሮክስሞክስ በስቶሬጅ ቅንብሩ ላይ ኔምስፔስ ይቀበላል። ከጋራ ቴምፕሌት (ለመቅጃ ከተዘጋጀ ናሙና) ማሽን የሚቀዳ ከሆነ ለቴምፕሌቱ ቦታ የንባብ ብቻ ፈቃድ ይጨመራል፣ ከኔምስፔስ ወደ ኔምስፔስ መቅዳት ደግሞ ሁለተኛውን የክሎን (የመቅጃ ዘዴ) ቨርዥን ስለሚጠይቅ ከክላስተሩ ጋር የሚገናኙ ፕሮግራሞች ዝቅተኛ ቨርዥን ወደ ሚሚክ (ከኖቲለስ ቀድሞ ወደ ወጣው) ከፍ ይላል። የፑል ስም ከቀየሩ ቁልፎቹ አብረው አይቀየሩም፤ አንድ በአንድ መታረም አለባቸው።

ለኤስስሪ ደንበኞች ጉዳዩ ቀላል ነው። በተጠቃሚና በባኬት (በኤስስሪ የዳታ ማስቀመጫ) ኮታ መጣል ስለሚቻል ፑል መክፈት ጨርሶ አያስፈልግም። በሴፍኤፍኤስ ግን ኮታው የሚከበረው በደንበኛው ማሽን ፈቃደኝነት ነው። ስለዚህ ለማያምኑት ሰው በቀጥታ ማውንት (ማያያዝ) አይሰጥም፣ በሳምባ ወይም በኤንኤፍኤስ (በመሐል በሚቆም ፋይል ማጋሪያ) በኩል ነው እንጂ።

የራሱ ፑል የሚገባው ደንበኛም አለ። የራሱን ዲስኮች በገንዘቡ የገዛ፣ የተለየ የቅጂ ብዛት የሚፈልግ፣ ወይም ውሉ ሲያልቅ ዳታው በአንድ ጊዜ እንዲጠፋለት በጽሑፍ የጠየቀ። ዋናውን ፑል ወደ 512 አውርዶ እንዲህ ላሉ አሥር ደንበኞች 32 ፒጂ ቢሰጥ፣ በዲስክ 83 ያህል ይሆናል፤ በምቾት ይሄዳል። ማጥፋቱ እንደሚባለው ቀላል ነው፣ ፑሉ ከዝርዝሩ ወዲያው ይወጣል። ዲስኮቹ ግን ከኋላ ሆነው ብዙ ሰዓት ይሰርዛሉ፣ የሌሎቹም ሥራ በዚያው ይዘገያል፤ ማታ ይደረግ። ሴፍ ፑል ማጥፋትን ሲጀምር ከልክሎ ነው የሚመጣው፤ ስሙን ሁለት ጊዜ አስጽፎ በእውነት፣ በእውነት ይህን ማለትህ ነው የሚል ቃል ይጠይቃል። ክልከላው ለዚያች ሰዓት ብቻ ተነስቶ ወዲያው ይመለስ።

በመጨረሻ ሦስት ቅጂ ባክአፕ አይደለም። ደንበኛው በስሕተት የሰረዘው ከሦስቱም ይሰረዛል። ሁለተኛ ቦታ ለሚፈልግ ሐረር ጥሩ ናት፤ ከፍታዋ ስለሚበልጥ አየሯ ቀዝቃዛ ነው፣ የኤሲው ጭንቀት ይቀንሳል። ክላስተሩን ግን በሁለቱ ከተሞች መሐል አይዘርጉት፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ መስመሩን እየጠበቀ ይንቀራፈፋል፣ መስመሩ ሲቆረጥም አንዱ ወገን ይቆማል። ሐረር ላይ ለብቻው የቆመ ማከማቻ ይኑር፣ በየሌሊቱ የስናፕሾት ልዩነት ብቻ ይላክ። በቀን 100 ጊጋባይት ለውጥ ካለ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ወደ 9.3 ሜጋቢት በሴኮንድ ይፈልጋል፣ በሌሊት ስምንት ሰዓት ለመጨረስ ደግሞ ሦስት እጥፉን። የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በመስመር ለመላክ አይሞከር። 5 ቴራባይት በ10 ሜጋቢት 46 ቀን ይፈጃል። ዲስክ ላይ ቀድቶ፣ ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጎ፣ በስፖንጅ ጠቅልሎ በደንገጎ መንገድ ማድረስ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ ስናፕሾት ጀምሮ በመስመር ይቀጥላል።